እምቦጭ፦ ማሽን ከመግዛታችን በፊት

ከሂዩስተን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ያለን የጣና ዙሪያ ልጆች ገንዘብ እያዋጣን ነው። ሐሳባችን ጣናን ለወረረው አረም ለእምቦጭ ማጨጃ ማሽን ገዝተን ለመላክ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ምን ትላላችሁ? አንድ የግል ጥያቄም አለኝ። አዲስ የገዛነው ቤት ጓሮው ውስጥ ኩሬ አለ። ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተክል ተንሳፍፎበታል። ባለቤቴ «ይሄማ የጣናው ነው» ትላለች። ማንን ልጠይቅ?

ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃችሁ። እኔም ቴክሳስ ኖሬ ነው የተመለስኩት፤ ስለዚህ ከኩሬው ልጀምር።

ቅጠሉ ክብና የሚያብረቀርቅ ነው? አገዳው አብጦ ስትጫነው እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል? አበባው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ አለ? ሥሩስ ጥቁርና ጸጉራም ሆኖ ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል? ይህ ሁሉ ካለ ባለቤትህ ልክ ነች። እምቦጭ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ያለፈቃድ መያዝም መሸጥም ክልክል ነው። ደንግጠህ ግን ነቅለህ ወንዝ ውስጥ እንዳትጥለው! አበባው ላማረው ጎረቤትም እንዳትሰጥ።

በየካውንቲው አግሪላይፍ ኤክስቴንሽን የሚባል የግብርና ምክር ቢሮ ታገኛለህ። ፎቶ ላክላቸው። ምን እንደሆነ ይለዩልሃል፣ እንዴት እንደሚወገድም ይነግሩሃል። እኛ ሐበሾች የመንግሥት ቢሮ ሲባል ቅጣት ነው ቶሎ የሚታየን። እነሱ ግን ሥራቸው ማማከር ነው። አኳፕላንት የሚባል ድረ ገጽም አላቸው፤ የኩሬ ተክሎችን በፎቶ ታመሳክርበታለህ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ቅር አይበላችሁና እኔ አልደግፈውም። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽን ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም። አረሙ የሚበረታው በእኛ በባሕር ዳር በኩል ሳይሆን በሰሜንና በምሥራቁ ነው፦ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። ዳርቻው ለጥ ያለ ነው። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ማሽኑ ጭቃ ላይ ቁጭ ይላል። መለዋወጫ ሲጠፋ ደግሞ መቆሙ ነው። የታጨደውን አውጥቶ የሚያደርቅና የሚያቃጥል ሰውም ይፈልጋል።

ብዙውን የሠራው የገበሬው እጅ ነው። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይነቅላል። አልቅቱ አለ፣ ቢልሃርዚያው አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ውሃ የማያስገባ ሱሪና ጓንት፣ ጀልባና ነዳጅ፣ የቀን አበል ይቀድማል። አበሉን አትናቁት። ዘመቻው የሚጠራው ክረምቱ ወጥቶ ሰብል በሚደርስበት ሰሞን ነው። ሰውዬው ማሳውን ትቶ ነው የሚመጣው።

ዋናው ነገር መመላለስ ነው። አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ይቆያል። አንድ ወር ዘምቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መሄድ የትም አያደርስም። ፍሎሪዳን እዩ። ፈጽመው አላጠፉትም። ትንሽ ሳለ፣ በየጊዜው፣ ሳያሰልሱ እየመቱ ዝቅ አድርገው ያዙት።

ከሂዩስተን፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፎቶውን ዛሬውኑ እልካለሁ። እምቦጭን ስለሚበላው ጥንዚዛስ ምን ትያለሽ? ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሠርቷል ሲሉ ሰምተን ነበር።

ከባሕር ዳር፦
እውነት ነው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ለቀውታል፤ ረድቷልም። ግን ሕይወት ያለው ነገር ነውና ተጠንቶና ተፈቅዶ እንጂ በማኅበር መዋጮ የሚመጣ አይደለም። በሻንጣ ይዤ ልምጣ የሚል እንዳይነሳ ብቻ!

ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት እዚህ ባሕር ዳር ያለውን የጣና ሐይቅ ጥበቃ ኤጀንሲ ጠይቁ። የትኛው ቀበሌ፣ ምን ጎደለው፣ ማን ይረከባል? በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ስለዚህ ዕቃው በማን በኩል እንደሚደርስም አብራችሁ ጠይቁ። አንድ ቀበሌ መርጣችሁ ለሦስት ዓመት ብትይዙ እኔ እመርጣለሁ። የደንቢያ ሰዎች እዚህ ገጽ ላይ ካላችሁ ግቡበት፤ የእናንተን ዳርቻ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።