ጦረኛውን ማዘግየት ወይስ እግሩን ማሰር?

ጥያቄ፦
በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የኮምፒውተር ጨዋታ የበረዶ አስማተኛ ሆኜ እጫወታለሁ። በቡድን ውጊያ የጠላት ጦረኛ ፈዋሻችን ላይ እየደረሰ ይገድለዋል፤ ይህ በጣም ያናድደኛል። በፍሮስት ኖቫ እግሩን ሳስረው የራሳችን ሰዎች እየመቱት ይፈታል። አዳኛችንም በኮንከሲቭ ሾት ተኩሶ ያዘገየዋል። የእኔና የእሱ ማዘግየት ይደመራል?

መልስ፦
አይደመርም፤ የሚሠራው ብርቱው ብቻ ነው። ስለዚህ አዳኙ አንዱን ጠላት ይያዝ፣ አንተ ሌላውን። ማሰርን ማንም ለማይመታው ጠላት አቆየው፤ ጉዳት ይፈታዋል። በአንድ ተጫዋች ላይ ቶሎ ቶሎ ከደጋገምከው ደግሞ ቆይታው እያጠረ ይሄድና ጭራሽ አይዘውም። ማዘግየት እንዲህ አይዳከምም።

ሌላ መልስ፦
እኔ ፈዋሽ ነኝና ከተጠቂው ወገን ልናገር። እባክህ ጦረኛውን ገና ከሩቅ ሳለ ብቻ አዘግይተህ አትተወው! ወደ ጠላት በሚወረወርበት ችሎታው፣ በቻርጅ፣ ርቀቱን በአንድ ጊዜ ያልፈዋል። ለእኔ ሕይወት የሚሆነኝ አጠገቤ ከደረሰ በኋላ የምታሳርፍበት ማዘግየት ነው፤ ያኔ ዞር ብዬ ለመራቅ ጊዜ አገኛለሁ። የጠላት ፓላዲን (ቅዱስ ኃይል ያለው ተዋጊ) የነጻነት በረከት ከሰጠው ግን ማዘግየትም ማሰርም አይሠራም። አንተ አስማተኛ ስለሆንክ በረከቱን አስማት በሚሰርቀው ችሎታህ፣ በስፔልስቲል፣ ንጠቀው፤ ወዲያው አዘግየው። ይህን የሚያደርግልኝ አስማተኛ ካለ እስከ መጨረሻው አብሬው እዋጋለሁ።

ጠያቂው፦
መንጠቁን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። አዳኛችን ጦረኛውን ለእኔ ትቶ ሌላውን እንዲይዝ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።