ሞቶ የሚመለስ ባላንጣ ለምትጽፉ፦ ጥቆማ ከሐዋሳ

«ሳይንሳዊ አስፈሪ አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ ክፉው ሰው ሞቶ እንዲመለስ እፈልጋለሁ። ሐዋሳ ላይ ምን ላንብብ፣ በምን ልጻፍ፣ የት ላሳትም?» ለሚለው ጥያቄ የማውቀውን ልበል። በጣም የምወደው ነገር ስለሆነ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከንባቡ ልጀምር። መንገድ ዳር ያገለገለ መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡት ልጆች ጋ የምታገኙት በአብዛኛው ታሪክ፣ ሥነ ልቦናና የትርጉም ልብ ወለድ ነው። ዋጋው በክርክር ይቀንሳል፤ ጥሩ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ለመማርም እዚያ መመላለስ ይጠቅማል። ሳይንሳዊ አስፈሪ ታሪክ ግን ብርቅ ነው። ለዚህ ዘውግ እኔ የምመርጠው ስልክን ነው። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ የቅጂ መብታቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት በነፃ ይሰጣል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ዳታ አይበላም፤ አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባል። እንግሊዝኛው የቆየ ነውና መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይሁን።

መጀመሪያ የሜሪ ሼሊን «ፍራንከንስታይን» አውርዱ (1818 እ.ኤ.አ.)። ሳይንቲስቱ ቪክቶር የፈጠረው ፍጡር ፈጣሪውን «በሠርግህ ሌሊት እመጣለሁ» ብሎ ይዝትበታል። ቪክቶር የሚገደለው ራሱ መስሎት ሽጉጡን ይዞ ሲጠብቅ፣ ፍጡሩ ሙሽራዋን ይገድላል። አንባቢው መምጣቱን አስቀድሞ ያውቃል፤ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አያውቅም። ንግርና ልብ ሰቀላ አንድ ላይ ሲሠሩ ማየት ለሚፈልግ እነዚያ ገጾች ብቻ ይበቃሉ።

የኤች ፒ ላቭክራፍት «ኸርበርት ዌስት» በስድስት ክፍል በመጽሔት የወጣ ታሪክ ነው፤ 1922 እ.ኤ.አ. ላይ ተጠናቀቀ። ሬሳ በመድኃኒት የሚያስነሣ ሐኪም፣ በመጨረሻ ያስነሣቸው ሙታን ግድግዳ አፍርሰው ይመጡበታል። መጨረሻው ግሩም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል ያለፈውን እንደገና ስለሚተርክ በአንድ ቁጭታ ሲነበብ ያሰለቻል። ታሪካችሁን ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ለመልቀቅ ያሰባችሁ ይህን ልብ በሉ። ስለ አንድ ጥቁር ቦክሰኛ የጻፈው ክፍል ደግሞ አስቀያሚ ዘረኝነት ነው፤ አውቃችሁ ግቡበት።

«አንዱን ብቻ ምረጥልን» ካላችሁኝ ግን ያለማመንታት የጆን ካምቤልን «ሁ ጎዝ ዜር?» እላለሁ (1938 እ.ኤ.አ.)። በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የተገኘ ፍጡር በረዶው ሲቀልጥለት ይነሣል፤ የፈለገውን ሕያው ነገር መልክ መያዝ ይችላል። ሰዎቹ ማን ሰው፣ ማን ፍጡር እንደሆነ የሚለዩት የእያንዳንዳቸውን ደም በጋለ ሽቦ እየነኩ ነው። የፍጡሩ ደም ራሱን ለማዳን ይሸሻል! እዚህ ታሪክ ውስጥ ባላንጣው በር አንኳኩቶ አይመለስም። አብሯቸው እየተኛ አብሯቸው እየተነሣ ነው የቆየው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ መመለስ ይህ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የኖረ ሰው ወባን ያውቃታል። ቫይቫክስ የሚባለው ዝርያ ከደም ውስጥ በመድኃኒት ቢጠፋም ጉበት ውስጥ ተኝቶ ሊቀር ይችላል። ትኩሳቱ ከለቀቀ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አዲስ ትንኝ ሳትነድፍ፣ እንደገና ይነሣል። ሐኪም ፕሪማኩይን የሚጨምረው ጉበት ውስጥ ያለውን ለማጥፋት ነው። የአባ ሰንጋ ዘርም አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እንግዲህ ባላንጣችሁን በዚህ መንገድ ሥሩት፦ የት እንደተደበቀ፣ ምን እንደቀሰቀሰው፣ ምን ቢደረግ ኖሮ ይጠፋ እንደነበር ታሪኩ ውስጥ ይኑር። ሳይንሳዊ ያደረጋችሁት እኮ ለዚህ ነው። «እንዴት እንደሆነ ባይታወቅም ተመለሰ» ከሆነ ተረት ብትጽፉ ይሻላል።

የቴሌቪዥን ተከታታይ ትንሽ ነፃነት አለው። «ዶክተር ሁ» በሚባለው የቢቢሲ ተከታታይ ውስጥ ያሉት ባላንጣዎች፣ ዳሌኮች፣ 1963 እ.ኤ.አ. መጥተው፣ በ1967 ጠፉ ተብሎ፣ በ1972 ሲመለሱ ተመልካቹ ያውቃቸው ነበር። አጭር ልብ ወለድ ይህ ትዝታ የለውም። ስድስት ገጽ ካላችሁ ሁለቱን ለመጀመሪያው ሞት ስጡ፤ አንባቢው በእርግጥ እንደሞተ ካላመነ መመለሱ አያስደነግጠውም።

ቦታ ለቸገራችሁ፦ ሐይቃችን ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። አንድ ነገር ሰጥሞ ቢቀርበት የት ይሄዳል? ጠዋት አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው፣ ሄዳችሁ ዓሣ ሲበለት ተመልከቱ። አባ ኮዳዎቹ መላጣ አንገታቸውን ቀብረው፣ የአንገት ከረጢታቸውን አንጠልጥለው፣ ዓሣውን ከሚበልተው ሰው እጅ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ባላንጣው የሚመለስበት ቀን እነዚያ ወፎች የተጣለላቸውን የዓሣ ጭንቅላት ትተው ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውሃው ቢያዞሩ አስቡት። ሐሳቡን በነፃ ሰጥቻችኋለሁ፣ ውሰዱት።

ለመጻፊያ፣ ረቂቅ ከሆነ ጂቦርድ የሚባለው የጉግል የስልክ ኪቦርድ ይበቃል፤ በድምፅ አማርኛ መጻፍም ይችላል፣ ሥርዓተ ነጥቡን ግን በእጅ ማረም አይቀርም። የመጨረሻውን ቅጂ ኮምፒውተር ላይ በወርድ ሥሩት። ለድምፅ ትረካ ስቱዲዮ መከራየት አያስፈልግም። የባጃጅ ድምፅ ጋብ ሲል፣ ማታ፣ ልብስ የሞላበት ክፍል ውስጥ በስልክ የተቀዳ ጥሩ ይወጣል።

ለኅትመት፣ ለጥቂት ኮፒ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይሻላሉ፤ የተማሪ ሥራ ስለለመዱ ፈጣን ናቸው። ባለ ቀለም ሽፋንና ብዛት ያለው ሥራ ከሆነ ማተሚያ ቤት ሂዱ፣ ዋጋም ቢያንስ ሁለት ቦታ ጠይቁ። የወርድ ፋይል ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ይበታተናል። ፒዲኤፍ አድርጉት። አራት ኤ-ፎር ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትሞ መሃል ለመሃል ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። መሃሉን የሚመታ ረጅም ስቴፕለር እንዳላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም ጋ የለም። አንድ ናሙና አሳትማችሁ የገጹን ቅደም ተከተል ሳታዩ የቀረውን አታስወጡ።