ለእማዬ መርሳት የቅጠል ኪኒን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰናይት ከሜክሲኮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ከስድስት ወር ወዲህ የተነገራትን ደጋግማ ትጠይቃለች፣ ሽሮ ጥዳ ትወጣለች። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። የምትወስደው (በሚሊ ግራም)፦ ለስኳሯ ሜትፎርሚን 1000 ጠዋትና ማታ (ስድስት ዓመት ሆኗታል)፣ ለግፊቷ አምሎዲፒን 5፣ አስፒሪን 81፣ ኦሜፕራዞል 20፣ ማታ ደግሞ ለእግሯ ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን 25። በቴሌግራም «የአእምሮ ማጎልበቻ» እያሉ የሚሸጡት አለ፤ 60 ፍሬው 4,800 ብር። ጀርባው ላይ «ልዩ ቅይጥ 850 ሚሊ ግራም» ይልና የጊንኮ ቅጠል፣ ባኮፓ፣ ጂንሰንግ፣ ሴንት ጆንስ ዎርት እያለ ዘጠኝ ዓይነት ይዘረዝራል። ይጠቅማታል? ታናሽ ወንድሜም የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነውና «ለእኔም» እያለ ነው።

ፋርማሲስት ከተክልዬ፦
እህቴ፣ ብሩን ለጊዜው ያዢው። ጀርባውን አብረን እናንብበው። «ልዩ ቅይጥ 850» ማለት ዘጠኙ ተደምረው ነው፤ የእያንዳንዱን መጠን አይነግርሽም። አብዛኛው ርካሹ ቅጠል፣ ቀሪው ለስም ጣል የተደረገ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ «የጊንኮ ቅጠል» ነው ያለው እንጂ «ኤክስትራክት» አላለም። ሲጠና የቆየው ኤክስትራክቱ ነው። ከ35 እስከ 67 ግራም ደረቅ ቅጠል ተነጥሮ 1 ግራም ይወጣዋል፤ ዕቃው ላይም የዋና ዋና ንጥረ ነገሮቹ መጠን፣ 24 በመቶ ፍላቮን ግላይኮሳይድ፣ 6 በመቶ ተርፒን ላክቶን ተብሎ ይጻፋል። 120 ሚሊ ግራም ለማግኘት ከ4 እስከ 8 ግራም ቅጠል ገብቷል ማለት ነው፤ ያን ያህል የተፈጨ ቅጠል አንድ ካፕሱል ውስጥ አይገባም። በተፈጨው ላይ ጊንኮሊክ አሲድ የሚባለው ጎጂ ነገርም አልተነሳለትም። በደህናው ኤክስትራክት ከሚሊዮን 5 እጅ በታች እንዲሆን ይደረጋል።

ደህናውስ ይሠራል ወይ? በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ጥናት 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 3,069 ሰዎች ወስዶ፣ ለግማሾቹ 120 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ እየሰጠ ስድስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። የመርሳት በሽታን አልከላከለም። በ2012 የወጣው የፈረንሳይ ጥናትም 2,854 ሰዎችን አምስት ዓመት አይቶ እዚያው ደርሷል። በሽታው አስቀድሞ ለያዛቸው 240 ሚሊ ግራም በቀን ትንሽ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ባለሙያዎች ግን አልተስማሙበትም።

ለእናትሽ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አደጋው ነው። ጊንኮ ከአስፒሪን ጋር ሲደረብ የመድማት ሥጋት አለው። ሴንት ጆንስ ዎርት ደግሞ የሌሎችን መድኃኒቶች ጉልበት የሚሰርቅ ቅጠል ነው፦ ጉበት አምሎዲፒንንና ኦሜፕራዞልን ቶሎ እንዲያስወግዳቸው ያደርጋል፣ ግፊቱ «ያለ ምክንያት» ይወጣል። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ደግሞ ጭራሽ አይወሰድም፤ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ በላይ ሊከማች ይችላል።

ከጠርሙሱ በፊት እኔን ዓይኔን የሳበው ግን ይኸው አሚትሪፕቲሊን ነው። አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን ያፍናል። በዕድሜ ለገፋ ሰው 25 ሚሊ ግራም እንኳ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስረሳል። ለጉንፋን የሚሸጡት ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው ኪኒኖችም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ይብሳል። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። የሁሉንም መድኃኒት ካርቶን በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ለሐኪማቸው አሳዩና ለእግራቸው ማቃጠል ሌላ ምርጫ ካለ ጠይቁ።

ላብራቶሪ ቸርችል፦
ፋርማሲስቱ ያለው ላይ አንድ ልጨምር፦ ቫይታሚን ቢ12። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ከአንጀት እንዳይገባ ያደርጋል። ኦሜፕራዞል የሆድ አሲድን ስለሚቀንስ ቫይታሚኑ ከምግቡ አይላቀቅም። በዚህ ላይ ጿሚ ከሆኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም፤ ቢ12 ደግሞ በተፈጥሮው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው። ጾም ብቻውን ቶሎ አያጎድልም፣ ጉበት ለዓመታት የሚሆን ያስቀምጣል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ነው ችግሩ። የእግር ማቃጠሉም «የስኳር ነው» ተብሎ የታለፈ የቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ በቢ12 እጥረት ለመጣ ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን እየተወሰደ፣ እሱ ራሱ እያስረሳ ነው ማለት ነው።

ሲታዘዝ አብረው ይታዘዙ፦ ቢ12፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ቲኤስኤች (ለታይሮይድ ዕጢ)፣ ክሬያቲኒን (ለኩላሊት)፣ ሶዲየም፣ ኤችቢኤዋንሲ (የሦስት ወር ያህል የስኳር አማካይ)። ቢ12 ከ200 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ አንሷል፤ ከ200 እስከ 300 አጠራጣሪ ስለሆነ ምልክት ላለበት ሰው «ኖርማል ነው» ተብሎ አይታለፍም። የደም ቆጠራው ደህና ቢሆንም ነርቩ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው መጀመሪያ «ለብርታት» ቢ ኮምፕሌክስ ተወግቶ ከሳምንት በኋላ ሊመረመር ይመጣል። ውጤቱ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ እጥረቱ ይሸፈናል። ደሙ ይቀዳ፣ ከዚያ መርፌው። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ባዮቲን ካለም የቲኤስኤች ውጤትን ስለሚያዛባ ከሦስት ቀን በፊት ይቁም።

ሰናይት ከሜክሲኮ፦
ኧረ ጉድ፣ ጎረቤታችን ነገ ልውጋት ብላን ነበር። አስቀርቻለሁ። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ ያለበት ኪኒንም ቤት ውስጥ አለ።

ላብራቶሪ ቸርችል፦
እሱም ደም እስኪቀዳ ይቆይ። ሲጀመርም ቢ6ቱን ተመልከቺ፤ 100 እና 200 ሚሊ ግራም ያለባቸው አሉ። ለወራት ከተወሰደ ቢ6 ራሱ እጅና እግር ያደነዝዛል። እጥረቱ ከተረጋገጠ ቢ12 ብቻውን 1000 ማይክሮ ግራም፣ ነርቭ ከተነካ በመርፌ ነው የሚጀመረው፤ አሰጣጡን ሐኪሙ ይወስናል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን እንዳይሰጣቸው፣ የደም ማነሱን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ይደብቃል።

ጤና አዳም፦
ስለ ባኮፓ ማንም አላነሳም። ከቅጠሎቹ ትንሽ ተስፋ የታየበት እሱ ነው። በ300 ሚሊ ግራም ኤክስትራክት፣ ለ12 ሳምንት፣ በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ማስታወስ ላይ መጠነኛ ለውጥ ታይቷል። በሁለት ሳምንት ውጤት እሰጣለሁ የሚል ሻጭ ጥናቱን አላየውም። ሆድ ይቆርጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስቀምጣል፤ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። «ብራህሚ» የባኮፓ ሌላ ስሙ ነው፤ እንዲያ ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን ተጠንቀቁ፣ ጎቱ ኮላ የሚባል ሌላ ተክልም በዚሁ ስም ይሸጣል።

የቤቱንም ልናገር። ስሜን አይታችሁ አትታዘቡኝ፣ ጤና አዳም ቡና ውስጥ ጣፋጭ ነው፤ ለማስታወስ ይረዳል ለማለት ግን በሰው ላይ የተሠራ ማስረጃ የለውም። እርድ በወጥ ውስጥ ችግር የለውም፤ ከቁንዶ በርበሬ ጋር በካፕሱል የተጠቀጠቀው ግን ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። አብሽ ስኳር ዝቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ በባዶ ሆድ በብርጭቆ የሚጠጡት ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር።

ነርስ አራት ኪሎ፦
ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዢ፦ ምን ረሱ፣ በስንት ሰዓት፣ የእድር ገንዘብና የታክሲ መልስ መቁጠር ይችላሉ ወይ፣ እንቅልፋቸውስ? ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ይቆማል? ይሰማሉ? ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል። ሦስት ቃል ስጫቸው፣ «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ»፤ ሌላ ጨዋታ አጫውተሽ ከ5 ደቂቃ በኋላ ጠይቂ። ከጠፋቸው «አንዱ ፍራፍሬ ነው» በይ፤ በፍንጭ መጣ ወይም አልመጣም ብለሽ ጻፊው።

ክሊኒክ ውስጥ ሰዓት እንዲስሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ያጣላል፦ «5 ሰዓት ከ10» ሲባሉ የቤታቸው ሰዓት በፈረንጅ የተሞላ ከሆነ አጭሩን ዘንግ 11 ላይ፣ በእኛ የተሞላ ከሆነ 5 ላይ ያደርጋሉ። ሁለቱም ልክ ነው። ለመርማሪው አስቀድመሽ ንገሪው።

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩና ሪፈር ይጻፍላችሁ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ክፍል ያለ ሪፈር ሄዶ መመለስ ድካም ብቻ ነው።

የማይጠበቅ ግን አለ። በቅርብ ሳምንታት ወድቀው ከነበረ፣ ቀላልም ቢመስል፣ አስፒሪን ስለሚወስዱ ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል፤ አዲስ ራስ ምታት ወይም ድብታ ካለ በዚያው ቀን የጭንቅላት ሲቲ ስካን ይነሱ። በሰዓታት ውስጥ ድንገት ከተምታታባቸው መጀመሪያ ስኳራቸውን ለኩ፣ ከዚያ ድንገተኛ ክፍል።

ፋርማሲስት ከተክልዬ፦
ለተፈታኙ ወንድምሽ፦ አይሆንም። ከእነዚህ ጠርሙሶች አንዳንዶቹ ውስጥ ጓራና አለ፣ ጓራና ደግሞ ካፌይን ነው። ማታ ወስዶ ያድርና ያጠናውን የሚያጸናለትን እንቅልፍ ያጣል። ያነበበውን ምዕራፍ ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ይድገመው።

ሰናይት ከሜክሲኮ፦
ሐሙስ ጠዋት ልወስዳት ነው። ሳትበላ ትሂድ?

ላብራቶሪ ቸርችል፦
ለዘረዘርኳቸው ጾም አያስፈልግም። የጾም ስኳር ከተጨመረ ግን ከማታ እራት በኋላ ለስምንት ሰዓታት ውኃ ብቻ፤ የጠዋቱን ሜትፎርሚን ይዘሽላቸው ሂጂና ደም ከሰጡ በኋላ ቁርስ ሲበሉ ይውሰዱ። ቂጣ ቢጤ በቦርሳሽ ያዢ፣ ወረፋው ሊረዝም ይችላል።