የ12ኛ ክፍል ልጄ የብጉር ኪኒን አሁን ትጀምር ወይስ ፈተናው ይለፍ?

የአራት ኪሎ እናት፦
ሰላም እህቶቼ፣ ልጄ ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ናት፣ ፊቷ ላይ የሚወጣው ብጉር ትልልቅና የሚያም ነው ጠባሳም መተው ጀምሯል፣ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ወስዳ ምንም አልተሻላትም፣ አሁን የቆዳ ሐኪሙ አይሶትሬቲኖይን የሚባል ኪኒን ጀምሪ አላት። ያለ ማስክ ከቤት አትወጣም በቃ። እኔ ደግሞ ጥናቷን እንዳይረብሽብኝ ፈራሁ፣ ምን ትላላችሁ?

ፋርማሲስቷ፦
እህቴ ጠባሳ ከጀመረ ብዙ መቆየት ጥሩ አይደለም። ግን መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ብጉሩ ሊብስ ስለሚችል ፈተናው በጣም ከቀረበ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂው። የጉበትና የደም ስብ ምርመራ ሳታደርግ እንዳትጀምር፣ ዶክሲውንም ታቁም፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይወሰዱም። የእርግዝና ምርመራም ያዛል፣ ልጅ ናት ብለሽ እንዳትቀየሚ፣ መድኃኒቱ ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ለሁሉም ሴት ነው።

የካዛንቺሱ አባት፦
የኔ ልጅ ወስዶታል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እንጀራ በወጥ ሲበላ ያቃጥለው ነበር፣ ቫዝሊን ከኪሱ አይጠፋም። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ጾም ከሆነ አቮካዶ ወይ ዘይት ያለው ሽሮ። ፀባይዋን ግን ተከታተያት፣ ድብርት ወይ እንቅልፍ ማጣት ካየሽ ቶሎ ለሐኪሙ ደውይ፣ የፈተና ጭንቀት ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው ከሆነ ኪኒኑን ይዛ ትሂድ፣ ለማንም እንዳታካፍል ንገሪያት።

ሊሊ፦
ከኮስሞቲክስ ሱቅ የሚሸጡትን ማቅሊያ ክሬሞች ብቻ አታስቀቢያት በናትሽ፣ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ብጉር ያባብሳል

የአራት ኪሎ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰኞ ለምርመራው እወስዳታለሁ፣ ከእሷም ጋር ቁጭ ብለን እናወራበታለን