በማካክ ኮርቴክስ ውስጥ ሶማቶስታቲንን ለማግኘት የትኛው ካርታ ይታመን?

ጠያቂ፦
በማካክ ጦጣ ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) ውስጥ ሶማቶስታቲን የተባለውን ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) የሚያመርቱ ነርቭ ሴሎች የሚገኙበትን ቦታ በካርታ ለማስፈር፣ ጎን ለጎን የተቆረጡ ስስ የአንጎል ቁራጮችን በሁለት ዘዴ አቅልመናል። ፔፕታይዱን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል የተጠቀምንበት ቁራጭ 1ኛውን (የላይኛውን) ንብርብር በቀጫጭን ክሮች ተሞልቶ ሲያሳይ፣ የሴል አካላት ግን ጥቂትና ደብዛዛ ናቸው። መልእክተኛ አር ኤን ኤን (ፔፕታይዱ የሚሠራበትን የጂን መመሪያ ቅጂ) የሚፈልገው ዘዴ በአንጻሩ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ንብርብር በርካታ ሴሎችን አውጥቶ 1ኛውን ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይተወዋል። የትኛውን እንመን?

መልስ 1፦
ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። 14 አሚኖ አሲዶች ያሉት ይህ ፔፕታይድ በሴሉ አካል ውስጥ ከትልቅ ቀዳሚ ፕሮቲን ተቆርጦ በጥቃቅን ከረጢቶች ከታሸገ በኋላ በአክሰን (ሴሉ ምልክት በሚልክበት ረጅም ክር) በኩል ወደ ጫፎቹ ስለሚጓጓዝ፣ ክምችቱ በብዛት የሚገኘው ከተመረተበት ራቅ ብሎ ነው፤ መልእክተኛው አር ኤን ኤ ግን በአብዛኛው እዚያው የሴል አካል ውስጥ ይቀራል። በ1ኛው ንብርብር ካያችኋቸው ክሮች ብዙዎቹ ከታች ያሉት የማርቲኖቲ ሴሎች (ሶማቶስታቲን የሚያመርቱ የኮርቴክስ ነርቭ ሴሎች) ወደ ላይ የሚልኳቸው አክሰኖች ይመስሉኛል። ሴል ለመቁጠር አር ኤን ኤውን፣ ፔፕታይዱ የት ሊለቀቅ እንደሚችል ለማወቅ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካሉን ተጠቀሙ። አይጦች ላይ ጉዞውን በኮልቺሲን በማገድ ፔፕታይዱ በሴሉ አካል እንዲጠራቀም ይደረጋል፤ መድኃኒቱ መርዛማ በመሆኑ ለጦጣ አልመክረውም።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም ፀረ እንግዳ አካሉ በእርግጥ ሶማቶስታቲንን ብቻ ይይዛል ወይ? ኮርቲስታቲን የተባለው የኮርቴክስ ፔፕታይድ በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሉ ሶማቶስታቲንን በእጅጉ ይመስላል። ፀረ እንግዳ አካሉን አስቀድሞ ከሰው ሠራሽ ሶማቶስታቲን ጋር በማዋሐድ ምልክቱ ሲጠፋ ማየት የተለመደ ፍተሻ ቢሆንም፣ ተመሳሳዩን ፔፕታይድ ለመለየት አይበቃም፤ በሁለቱም ፔፕታይዶች ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል። የሁለቱ ጂኖች የተለያዩ በመሆናቸው በዚህ ረገድ የአር ኤን ኤው ዘዴ ይሻላል።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን። እንስሳው በዕድሜ የገፋ ሲሆን የተጠቀምነው የፍሎረሰንስ (ብርሃን ሲበራበት የሚያበራ) ቀለም ነው፤ ይህ ለውጥ ያመጣል?

መልስ 2፦
በጣም እንጂ። ከዕድሜ ጋር በነርቭ ሴሎች ውስጥ የሚከማቸው ሊፖፈሲን የተባለ ቅሪት በብዙ የብርሃን ሞገዶች በራሱ ስለሚያበራ በቀላሉ ምልክት ያለበት ሴል ይመስላል። ያልቀለመ ቁራጭ በተመሳሳይ የማይክሮስኮፕ ቅንብር ተመልከቱ፤ ቢያበራ ሱዳን ብላክ በተባለ ጥቁር ቀለም ማደብዘዝ ይቻላል። ካርታችሁንም 6ኛው ንብርብር ላይ አታቁሙት፤ ከሥሩ ባለው ነጭ አካል ውስጥ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የተባለ ሌላ ፔፕታይድ ጭምር የያዙ የሶማቶስታቲን ሴሎች አሉ።