«ተዋሃደ» ወይስ «ተወረረ»፦ የዐፄ ምኒልክ ዘመቻዎች በመማሪያ መጽሐፍ እንዴት ይጻፉ?

መምህር፦
በታሪክ መማሪያ መጽሐፉ ላይ እስካሁን በተሰጡት አስተያየቶች አንደኛው ወገን የዐፄ ምኒልክ የደቡብ ዘመቻ «አገር ማቅናት» ወይም «ውህደት» ይባል ሲል፣ ሌላኛው ደግሞ «ወረራ» ወይም «ቅኝ ግዛት» ካልተባለ መጽሐፉን አንቀበልም ብሏል። ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማርሁ ሰው ነኝና የሁለቱም ወገን ቁጣ ከልብ መሆኑን አውቃለሁ። ማቅናት የጠመመን ማስተካከል ስለሆነ፣ የወላይታ ልጅ «አገሬ ጠማማ ነበረች ወይ?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሆኖም በስያሜው ስንጨቃጨቅ ልጆቹ የተፈጸመውን ነገር ሳያውቁ ትምህርቱን ይጨርሳሉ።

አንድ ቀን «ወላይታ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተዋሃደ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሲዋሃድ ሰው ሞቷል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጠመኔውን እንደያዝሁ ቆምሁ፤ በእጄ የነበረው መጽሐፍ ስለዚህ አንድም መስመር አልነበረውም።

በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ወላይታ ሲዘምት የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተማርከዋል፤ ከጦሩ ጋር አብሮ የተጓዘው ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊም እልቂቱንና ምርኮውን ጽፎ ትቶልናል። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በእኚሁ በዐፄ ምኒልክ የተመራው ጦር ዓድዋ ላይ ጣልያንን ድል አደረገ። አንዱ «የግዛት መስፋፋት»፣ ሌላኛው «የነጻነት ተጋድሎ» ተብሎ በየምዕራፉ ሲለያይ፣ ተማሪው ዘመኑም መሪውም አንድ መሆናቸውን ሳያስተውል ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ምዕራፍ፣ ከነማስረጃቸው ይጻፉ እላለሁ።

ወላጅ፦
መምህር፣ ያሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ በሚያስተምሩበት ክፍል የሸዋም የአርሲም የወላይታም ልጅ በአንድ ወንበር ይቀመጣል። የምኒልክ ጦር በአርሲ ፈጽሞታል የሚባለውን የእጅና የጡት ቆረጣ የሚያስታውሰው የአኖሌ ሐውልት በ2006 ዓ.ም. በዚያው በአርሲ ሲመረቅ አዋቂው እንኳ እንዴት እንደ ተቋሰለ አይተናል፤ ይህን ታሪክ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሰጥተን ከጓደኛው ጋር በሰላም ይዋል ማለት ይከብደኛል። ደግሞስ በ1874 ዓ.ም. ሸዋና ጎጃም እምባቦ በተባለ ስፍራ ተላልቀው የለም ወይ? የሁሉም ቁስል ይቆጠር ከተባለ ማብቂያው የት ነው?

መምህር፦
እምባቦን ማንሳትዎ መልካም ነው። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሁለቱም ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ ያዋጋቸው ከጊቤ ወንዝ ማዶ ያሉ አገሮች ሀብትና ንግድ ነበር፤ በሸዋ በኩል ለድሉ ዋናው ሰው ራስ ጎበና ዳጬም ኦሮሞ ናቸው። ይህን የተማረ ልጅ የዘመኑን ጦርነት ሁሉ የአንድ ብሔር በሌላው ላይ መነሣት ብቻ አድርጎ ማየት ይቸግረዋል።

ስለ አኖሌ፣ አርሲ ለዓመታት በጦርና በጋሻ ጠመንጃ ከያዘ ሠራዊት ጋር መዋጋቱ በጽሑፍ የተመዘገበ ነው፤ ቆረጣው ግን በአመዛኙ በሽማግሌዎች ቃል የተላለፈ ነው። የቃል ታሪክም ማስረጃ ነው፤ ልጁ አንዱን እንዲክድ ሳይሆን ሁለቱ በምን እንደሚመዘኑ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ከጣልያን ጎን ተሰልፈው ዓድዋ ላይ የተማረኩ የኤርትራ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን መቆረጣቸውም በዚያው ምዕራፍ መጻፍ አለበት፤ ድሉን እያከበርሁ ነው ይህን የምለው።

በክፍል ውስጥ ይነሣል ያሉትን ጠብ ግን አላቃልልም፤ እኔም ያን ዕለት ፈርቻለሁ። መጽሐፉ ዝም ሲል መምህሩ የሚናገረው ሁሉ ከብሔሩ የመነጨ ተደርጎ ይወሰድበታል። ማስረጃው ታትሞ ቢሆን ኖሮ ገጹን ገልጬ ለልጁ አነብለት ነበር። ያን ዕለት «አዎ፣ ብዙ ሰው ሞቷል» አልሁትና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍሁ።