ለማረፍ ጎንደር ልግባ ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። «ተኝቼ እነሳለሁ፣ ግን እንዳልተኛሁ ነኝ» ያልሽው የእኔም ታሪክ ነው። አሜሪካ ዘጠኝ ዓመት ማታ አረጋውያን መጦሪያ፣ ቀን ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። መጨረሻ ላይ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እይዝ ነበር። ጎንደር ከገባሁ አሁን ስምንት ወር ሆነኝ።

አንዱ ወንድማችን «ገና ወጣት ነሽ፣ ያልፋል» ብሎሻል። በቅንነት ነው ያለው። ግን የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 2021 ያወጡትን ሐኪሜ አሳይቶኛል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ለስትሮክ ያለው ተጋላጭነት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው በ35 በመቶ ይበልጣል። እኔ በሳምንት ከ70 ሰዓት በላይ እሠራ ነበር።

ነይ እልሻለሁ። ብቻ ኢንሹራንስሽ እያለ እዚያው ተመርመሪ። የደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ቫይታሚን ዲና ቢ12 ይታዩልሽ። እኔ አይረኔ (የሰውነቴ ብረት) አልቆ ነበር፤ ኪኒኑን ደግሞ ለካ ከቡና ጋር ነበር የምውጠው። ቡናና ሻይ አይረኑ ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገባ ያግዱታል። አሁን ከቡናው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም አደርገዋለሁ። የምትጾሚ ከሆነም ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው።

ትንሽ ሠርተሽ በማግስቱ አልጋ ላይ የምትወድቂ ከሆነ ደግሞ «ጂም ግቢ» የሚሉሽን አትስሚ። ሥር ለሰደደ የድካም ሕመም እንቅስቃሴን በግድ እየጨመሩ መሄድ ይመከር ነበር፤ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ በ2021 ከመመሪያው አውጥቶታል። ደህና በሆንሽበት ቀን የቀረብሽን ሥራ ሁሉ ለመጨረስ አትሩጪ። እኔን ደጋግሞ የጣለኝ እሱ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ዳገቷን ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያውን ሳምንት በባጃጅ ሂጂ። ጥር ላይ ደግሞ አትምጪ። ጥምቀትን እንደምትናፍቂ አውቃለሁ፤ ግን ያን ጊዜ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ቤታችሁም እንደዚያው።

ከሁሉ የከበደኝ እንግዳው ነበር። «ከአሜሪካ መጣ» ከተባለ ጀምሮ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የአባቴ ማኅበርተኞች አይቀሩም። ቡናው እስከ በረካ ነው፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። መታመሜን ለማንም አልተናገርኩም። በየወሩ የሚልክ ልጅ ደክሞኛል ማለት ያፍራል። ሁለት ወር ሙሉ እየሳቅኩ እንግዳ ተቀበልኩ፣ ከመጣሁበትም ባስኩ።

አንድ ቀን ማድ ቤት ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ ያን ሁሉ ብር ስትልክ እያመመህ ነበር?» አለችኝ። አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ላይ እሷ ናት። «ተኝቷል፣ ቅዳሜ ኑ» ትላለች። የተቀየመ ሰው የለም።

ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ግን ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ እስከ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በእግሬ ወረድኩ። ግንቡን በሥሮቻቸው ያቀፉት ዛፎች ሥር ቁጭ አልኩ። ስመለስ ባጃጅ ያዝኩ። በማግስቱ አልወደቅኩም።

ለእናትሽ ግን ከመምጣትሽ በፊት በስልክ ንገሪያት። የፀጥታውንም ሁኔታ እግረ መንገድሽን ቤተሰብ ጠይቂ። የደም ውጤትሽ ሲደርስ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።